«እናቱ እኔ ሆኜ ውጭ ቆዪ ይለኛል»፦ ልጃቸው ኬሞ ለጀመረ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት አንድ ክሊኒክ «የእጢ ቲቢ ነው» ብለውት ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጠ። እብጠቱ ግን ባሰበት። ናሙና ተወስዶ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ። አሁን ጥቁር አንበሳ ኤቢቪዲ የሚሉትን ኬሞ ሁለት ጊዜ ወስዷል። ተከራይቶ ለብቻው ይኖር ነበር፤ ሲታመም እኔ ጋ ተመለሰ። ሐኪም ጋ ሲገባ «እማዬ፣ አንቺ ውጭ ቆዪ» ይለኛል። የሴት ጓደኛውን ግን ይዟት ይገባል። እናቱ እኔ ሆኜ! ቤት ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ አይበላም፣ ስናገረው ይቆጣል። እህቴ «ኬሞው ሳይጨርሰው አስቁሚውና ጸበል እንውሰደው» ትላለች። ጠያቂው ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱን ሞልቶት ይውላል። ቤይሩት ያለችው እህቱ ገና አልሰማችም። እኔ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ነው የምኖረው፤ ደም ግፊትም አለብኝ። ቀድሜ ትልቅ ሆስፒታል ብወስደው ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። እኔ በካንሰር ሕክምና ክፍል ኬሞ የምሰጥ ነርስ ነኝ። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶችን በየቀኑ አያለሁ። የጻፉልኝ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እደርስበታለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቤትዎ ቴርሞሜትር አለ?

ከሌለ ዛሬውኑ ይግዙ። ፋርማሲ የሚሸጠው ዲጂታሉ ይበቃል። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም። በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴልም ያወርደዋል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የልጅዎ ኬሞ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አንዱ በቅጡ ሳያገግም ሌላው ይደርሳል። በዚህ መሐል ሌላው ሰው በማርና በሎሚ የሚያልፈው ኢንፌክሽን እሱን በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ሳል ላይኖረው ይችላል፣ ቁስልም ላይታይ ይችላል። አንዳንዴ ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ነው።

በብብት የሚለካ ትኩሳት ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው። 37.5 ካለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ። 38 ከደረሰ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥተው እስኪነጋ አይጠብቁ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ ብሊዮማይሲን፣ በተሰጠበት ማታ ራሱ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ቢሆንም «መድኃኒቱ ነው» ብላችሁ በግምት ቤት አትቀመጡ።

ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ድረስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መሄድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሁኑኑ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለእናንተ ይቀርባል። ድንገተኛ ክፍል እንደደረሳችሁ ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ያለ ታካሚ ነው፣ ትኩሳት አለው» በሉ። ወረፋ አትጠብቁ። አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የሚወስደው ኬሞ ስምና መጨረሻ የወሰደበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይደር። ከብሎካችሁ መኪና ያለውን ጎረቤት አስቀድመው ያነጋግሩት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ቴርሞሜትሩን ግን ለልጅዎ ይስጡት። ራሱ ይለካ። ከእሱ ጋር አንድ ስምምነት ብቻ አድርጉ፦ 38 ከደረሰ ክርክር የለም፣ ተነስተን እንሄዳለን። በሌላው ነገር ሁሉ ቃሉ የእሱ ይሁን። በዚህ ግን እርስዎ ያዛሉ።

አሁን ልብዎን ወዳቆሰለው ነገር ልምጣ።

ልጅዎ አልናቀዎትም። እናቴ፣ ይህን ከልቤ ነው የምነግርዎ። የ27 ዓመት ወንድ ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚጠይቅ ልንገርዎ። «ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ?» «ከጓደኛዬ ጋር ግንኙነት ማድረግ እችላለሁ?» «እሞታለሁ ወይ?» በእናቱ ፊት «እሞታለሁ ወይ» ብሎ የጠየቀ ወጣት አላጋጠመኝም። እናት ወጣ ስትል ግን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ከጎኑ ሆነው ሲያለቅሱ ማየት አይችልም። ስለዚህ አንድም አይጠይቅም፣ አለዚያም «ውጭ ቆዪ» ይላል። ውጭ ቆዪ ማለቱ ይሻላል። ቢያንስ ጠይቆ መልስ ያገኛል።

የሴት ጓደኛው መግባትም ምክንያት አለው። ኬሞ ላይ ያለ ወንድ እርግዝና እንዳይፈጠር መጠንቀቅ አለበት። ይህ ለሁለቱም የሚነገር ነገር ነው። ወልዶ የመሳም ነገር እርስዎንም ሳያሳስብዎ አልቀረም። ኤቢቪዲ ከብዙ የኬሞ ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር ልጅ የመውለድ አቅምን ለዘለቄታው የመጉዳት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ወደፊት መድኃኒቱ የሚቀየር ከሆነ ግን አዲሱን ከመጀመሩ በፊት ይህን ጥያቄ ማንሳት አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ስላለው ሐኪሙ ወደዚያ ሊልከው ይችላል። ይህን ሁሉ እናቱ ባለችበት አንስቶ ይወያይ ማለት ይከብዳል።

ሌላም አለ። ይህ ልጅ ቤቱን ለቋል። ሥራው ቆሟል ወይም ተደነቃቅፏል። ፀጉሩ እየረገፈ ይሆናል። እንደ ልጅነቱ እናቱ ቤት ተመልሶ ይተኛል። በእጁ የቀረው ውሳኔው ነው። ሕመሙ የእሱ ነው፣ አካሉም የእሱ ነው፤ ሐኪሙም ቢሆን የሚጠይቀውና ፈቃዱን የሚቀበለው እሱን ነው። እርስዎ የሚያግዙት እሱ እየመራ ከኋላው ሲሆኑለት ነው። ይህን የምለው የእናትነትዎ ነገር ስላልገባኝ አይደለም። እናቱ «ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል» እያለች የምትመልስለት ትልቅ ልጅ ቀስ በቀስ ራሱን ሲተው ስላየሁ ነው። ቀጠሮውን ማስታወስ ይተዋል። መድኃኒቱን ሲሰጡት ብቻ ይወስዳል። ሲያመውም አይናገርም።

ታዲያ ምን ይበሉት? ሁለት መንገድ አስቀምጠው እሱ ይምረጥ። «ማክሰኞ ስትሄድ ታች ድረስ ልሸኝህ ወይስ ሆስፒታል ድረስ ልምጣና ውጭ ልጠብቅህ?» ይበሉት። «ምሳህን በር ላይ ላስቀምጥልህ ወይስ ስትፈልግ ራስህ ትወጣለህ?» የመረጠውን ያለ ኩርፊያ ይቀበሉት። ካኮረፉ በሚቀጥለው ጊዜ አይመርጥም፤ ዝም ይላል።

ከዚያ ደግሞ የሚገባዎትን ይጠይቁ። «ሐኪሙ ያለህን ሁሉ ንገረኝ አልልህም። እኔ ቤት ሆኜ ማወቅ ያለብኝን ግን ደብተር ላይ ጻፍልኝ።» የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው፣ ቤት የሚወስዳቸው መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው፣ ችግር ሲመጣ ለማን ይደወላል፤ ይህ ከተጻፈ ይበቃዎታል። «አንድ ጥያቄ አለኝና ሐኪሙን ጠይቅልኝ» ቢሉት ደግሞ አይከፋውም።

ልጅቱን በተመለከተ፣ ቅር ብሎዎት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስልኳን ይያዙ። ቡና አፍልተው ይጥሯት። ሐኪሙ የተናገረውን ከልጅዎ በተሻለ የምታስታውሰው እሷ ልትሆን ትችላለች። መርፌ ተሰክቶበት የተቀመጠ ሰው ከሚነገረው ግማሹን አይሰማም። እሷ ብትተወው ወይም ብትርቅ የመጀመሪያው ተጎጂ ልጅዎ ነው።

ቁጣውንም ሁሉ በልብዎ አይያዙት። ለማቅለሽለሽ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዴክሳሜታሶን ይባላል። ብዙ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያበሳጫል። ኬሞ በወሰደ ማግሥትና በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት የሚነጫነጭ ከሆነ፣ ከዚያ ደግሞ የሚረጋጋ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። በጠዋት መውሰድ ይረዳል፤ ነርሷን ይጠይቃት። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ ካልወጣ፣ ጓደኛውንም ማየት ካልፈለገ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ፣ «ድብርት ነው፣ ያልፋል» ብለው አይተዉት። ለሕክምና ክፍሉ ይንገሩ። ይህም የሚታከም ነገር ነው።

«ቀድሜ ብወስደው ኖሮ» ስላሉት። የእጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ በጣም ብዙ ነው። ምልክቱ ደግሞ ከሆጅኪን ሊምፎማ ጋር ይመሳሰላል፦ የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያልብ ላብ፣ ክብደት መቀነስ። በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙናም ሊያመልጠው ይችላል። ብዙ ጊዜ እጢው ራሱ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወጥቶ መመርመር አለበት። ሐኪም የሳተውን እናት ታውቀው ነበር የሚል የለም። ይህን የምታነቡ ሌሎችም፣ የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ እብጠቱ ያልቀነሰ ሰው ቤታችሁ ካለ ስድስት ወር እስኪሞላ አትጠብቁ። ተመልሳችሁ ናሙና ይወሰድ በሉ።

ደግሞ ይህን ይያዙ። ሆጅኪን ሊምፎማ ወጣቶችን የሚያጠቃ ቢሆንም በሕክምና ከሚድኑ ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ ነው። ዘግይቶ ቢገኝ እንኳ ተስፋው ከብዙ ካንሰሮች ይበልጣል። ስለ ልጅዎ ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም፤ ያንን ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ነው የሚናገረው። ግን ጎረቤት «ካንሰር ከሆነማ» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ እርስዎም አብረው ተስፋ እንዳይቆርጡ። አይተላለፍም፤ ሰሃንና ማንኪያ መለየትም አያስፈልግም።

ስለ ምግቡ። ኤቢቪዲ ውስጥ ያለው ዳካርባዚን ክፉኛ ያስመልሳል። ብዙ ታካሚዎች የሚሳሳቱት ፀረ ማቅለሽለሹን ካስመለሳቸው በኋላ ሲውጡት ነው። ኦንዳንሴትሮን ከታዘዘለት ባያቅለሸልሸውም በሰዓቱ ይውሰድ። ይህንን ካደረገ አሁንም የሚያስመልሰው ከሆነ ለነርሷ ይናገር፤ የሚጨመር መድኃኒት አለ። «ኬሞ ነው፣ እንዲህ ነው» ብሎ መቻል የለበትም።

እንጀራ ጋግረው እንደሚኖሩ ነግረውኛል። ሳይከፋዎት ልንገርዎ፤ የሊጡና የምጣዱ ሽታ ለእሱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ኬሞ በወሰደባቸው ሁለት ሦስት ቀናት ከቻሉ ጎረቤት ቤት ይጋግሩ፣ ወይም እሱ ሳይነቃ በሌሊት ጨርሰው መስኮቱን ይክፈቱ። ሥራውን ግን አይተዉ። ገንዘቡ ለትራንስፖርትም ለመድኃኒትም ያስፈልጋል። ጭስ ካለም ያርቁለት። ብሊዮማይሲን ሳንባን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። የቡናውን ከሰልና እጣን በረንዳ ላይ ያድርጉት። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አሁን ነው የሚተወው።

አራተኛ ፎቅ መኖራችሁ ለዚህ ይጠቅማል። ደረጃውን ይከታተሉት። ባለፈው ሳምንት ሳያርፍ የወጣውን ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ደረቅ ሳል ከጀመረው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባውም ሊሆን ይችላል። ወደፊት ለሌላ ነገር ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገውም ብሊዮማይሲን መውሰዱን ለሰመመን ባለሙያው መንገር አለበት፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን።

ሳህን ሞልቶ መስጠት ይተዉ። ያስፈራዋል። የቡና ስኒ በምታህል ነገር አጥሚት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ ደግሞ ትንሽ ሽሮ። ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ስለሚቀንስ ይሻለዋል። እንቁላሉ በደንብ ይብሰል፣ ወተቱ ይፈላ፣ ፍራፍሬው በቤት ታጥቦ ይላጥ። ከሰላጣና ከውጭ ጁስ ይቆጠብ። ዘመድ «ደም ይሆንለታል» ብሎ ጥሬ ሥጋ ወይም ለብ ለብ ክትፎ ያመጣል። አመስግነው ይቀበሉና ያብስሉት። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ጥሬ ሥጋ አይበላም። ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል፣ ማር አትስጪው የሚልዎትን ግን አይስሙ። አሁን ክብደቱን ጠብቆ መቆየቱ ነው የሚያስፈልገው።

አፉ ከቆሰለ፣ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበጥብጡ። በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጥበትና ይትፋው። ሱቅ ስትልኩ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፤ ሌላ ነገር ነው። ኬሞው ውስጥ ያለው ቪንብላስቲንም ፀረ ማቅለሽለሹ ኦንዳንሴትሮንም ሆድ ያደርቃሉ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ ተልባ ይረዳል። ሦስት ቀን ሽንት ቤት ካልወጣ ግን ይናገር።

ኤቢቪዲ ውስጥ ያለውን ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ በወሰደበት ቀንና በማግሥቱ ሽንቱ ቢቀላ አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የሚወጣው ነገር ግን ለሁለት ቀን ያህል ኬሞ አለበት። ትውከቱን ሲያጸዱ የእጅ ጓንት ያድርጉ። ሽንት ቤቱ በብዙ ውኃ ይለቀቅበት። ውኃ በፈረቃ የምትጠብቁ ከሆነ ኬሞ ከመውሰዱ በፊት ባለው ቀን በርሜሉንና ጀሪካኑን ሞልተው ያሳድሩ።

ስለ ጸበሉ። እኔም አማኝ ነኝ፤ ሂዱ አትሂዱ ልልዎት አልችልም። ኬሞውን ማቋረጥ ግን አይሆንም። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ቀኑ የተቀመረው ካንሰሩ ፋታ እንዳያገኝ ነው። ጸበል ቦታ ሱባኤ ተይዞ ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ሲያልፍ፣ ቀላል የነበረው ሕመም ይከብዳል። እህትዎ ኬሞ ገደለው ሲባል የሰሙት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ወይም አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነው። መድኃኒታችሁን አታቋርጡ የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም? የንስሐ አባታችሁን ያነጋግሩ። ቤት መጥተው ጸሎት አድርሰው ጸበል ቢረጩት በሌሊት ብርድና በግፊያ መሐል ከመቆም ለእሱ ይሻለዋል። የሚጠጣው ውኃ ንጽሕና የሚያሳስብ ከሆነም ይንገሯቸው። ጾሙንም እንዲሁ፤ ለሕመምተኛ ምን እንደሚፈቀድ እሳቸው ያውቃሉ። ደግሞም ልጅዎን ይጠይቁት። ልጁ ራሱ ጸበል ይፈልጋል ወይ? ካልፈለገ ስለቱን እርስዎ ይሳሉለት። ለዚያ ፈቃዱ አያስፈልግም። የባህል መድኃኒት ግን በምንም መልኩ ለሐኪሙ ሳይነገር አይሰጥ። ጉበትን የሚጎዳ ቅጠል ከኬሞ ጋር ሲደመር ሕክምናውን ያስቆማል።

እህትዎን አንድ የኬሞ ቀን ሆስፒታል ይዘዋት ይምጡ። ልጅዎ ከፈቀደ ነርሷ ታስረዳታለች። ከቤት ውስጥ ክርክር ይሻላል።

ጠያቂውን በር ዘግተው መመለስ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ሰው ቤት እንዲህ አይደረግም። ግን ሁሉም ጠያቂ የግድ እሱን ማየት የለበትም። ሳሎን ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ፣ እርስዎን ያጽናኑ። እሱ ሲፈልግ ይወጣል፣ ካልፈለገ ተኝቷል። ጉንፋን ያለበት፣ ሕፃን ያዘለ፣ በዚህ የኬሞ ሰሞን በስልክ ይጠይቅ። ይህን እርስዎ ለመናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ከእድሩ ወይም ከብሎኩ ደፋር የሆነች አንዲት ሴት ይምረጡና ለሁሉም እሷ ትንገርልዎ። «ከሆስፒታል ነው የታዘዘው» ትበል። እውነት ነው፤ እኔ አዝዣለሁ። በሩ አጠገብም ውኃና ሳሙና ይቀመጥ። መርዳት እንፈልጋለን ለሚሉት ሥራ ይስጧቸው። አንዷ ውኃ ታምጣ፣ አንዷ እንጀራውን ታድርስ፣ አንዱ በኬሞ ቀን በመኪና ይመልሰው። ከኬሞ በኋላ ከሜክሲኮ እስከ ቃሊቲ በተጨናነቀ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዞ መምጣት በጣም ነው የሚያደክመው።

እርስዎም የግፊት መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይዋጡ። እሱ መድኃኒቱን በሚወስድበት ሰዓት እርስዎም የራስዎን ቢወስዱ አንዳችሁ ሌላውን ታስታውሳላችሁ። ማጀት ገብተው በድብቅ ሲያለቅሱ ልጅዎ ይሰማዎታል። ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ እኔም ፈርቻለሁ» ቢሉት አይጎዳውም። እሱም እንደፈራ ለመናገር መንገድ ያገኛል።

የቀረችው ቤይሩት ያለችው ልጅዎ ናት። የሚነገራት ነገር የእሱ ነውና አስቀድመው ይጠይቁት፦ «እህትህን አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?» ብዙም አያቆዩት። እሷ ከሌላ ሰው በፌስቡክ ወይም በኢሞ ብትሰማው በሁለታችሁም ላይ የሚቀር ቅያሜ ነው። ራሱ በኢሞ እያየችው ቢነግራት ይሻላል። ፀጉሩ ሳያልቅ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ድንጋጤዋ ይቀንሳል።

እንደሰማች «ምን ልላክ?» ትላለች። የምትልከው ገንዘብ ለሥጋና ለልብስ እንዳይሆን። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱ ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱት። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ መድኃኒት ሆስፒታል ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» የሚባልበት ቀን ይመጣል። ያኔ ገንዘብ ፍለጋ ቀጠሮ እንዳያልፍ፣ የምትልከው ለዚያ ቀን ለብቻው ይቀመጥ። ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲንና ዳካርባዚን በማቀዝቀዣ የሚቀመጡ መድኃኒቶች ናቸው። ከታወቀ ፋርማሲ በደረሰኝ ይገዙ። በበረዶ መያዣ ይያዙ፤ በረዶው መድኃኒቱን በቀጥታ እንዳይነካው በመሐል ጨርቅ ይግባ። ቱሉ ዲምቱ አምጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት፤ መብራት ከጠፋ መድኃኒቱ ሊበላሽ ይችላል። ጠዋት ተገዝቶ ቀጥታ ሆስፒታል ይምጣ። ለነርሷ ስታስረክቡ ስሙና መጠኑ ከማዘዣው ጋር አንድ መሆኑን ልጅዎ ራሱ አብሯት ይይ።